ጠያቂው ማነው?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሚኒባስ ኮሶዬ ላይ ሲቆም ተሳፋሪው ለሁለት ይከፈላል። እንግዳው ስልኩን መዥረጥ አድርጎ ወደ ገደሉ አፋፍ፣ ያገሩ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ሻይ ቤቱ። እኔ ከሻይ ቤቱ ወገን ነበርሁ። ገደሉ የትም አይሄድም፣ ሻይ ግን በዚህ ብርድ ወዲያው ነው የሚቀዘቅዘው።

አብረውኝ የተሳፈሩት አዛውንት ደባርቅ ላይ ቤት አላቸው። ያ ቤት ከጎንደር እስከ ኮሶዬ ባለው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ፈርሶ ተሠርቷል። አዘዞ የሚኖር ደላላ ሲደውል፣ «ሰርቪሱ ብቻ ስድስት ክፍል ነው፣ ወንድምዓለም! ወለሉ ሴራሚክ፣ አስፓልት ዳር። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በር ላይ ማለት እኮ ነው» አሉት። ስልኩን ዘግተው ኮሶዬ ስንወርድ፣ ገና ሻያቸውን ሳያማስሉ አንዱ ተሳፋሪ የንብረት ታክስን ወሬ አነሣ።

«ኧረግ! እኔንማ ምን ሊያገኙብኝ? የጭቃ ቤት ናት። ቆርቆሮዋ ወንፊት ሆናለች። የጣሪያና ግድግዳ እያሉ ያስከፍሉኛል እንጂ ጣሪያም የለኝ!»

አልሳቅሁም፤ ለደላላው ያሉትን አስታወስሁ። ሻዩን ያቀረበችልን ልጅ ግን ከት ብላ ሳቀች።

የጣሪያና ግድግዳ የምንለው ግብር የመጣው በአዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ከእርሱ አስቀድሞ አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ ነበርና፣ ተከታዩ አዋጅ በእጃችን ለቀረው ቤት የምንከፍለውን ወሰነልን። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ዋጋው ሲንር እርሱ ባለበት ቀረ። የቪላ ባለቤት የዓመት ግብሩን ከፍሎ ሲመለስ የሚበላው ምሳ ከግብሩ የሚበልጥበት ዘመን መጣ፤ ማንም ግን «ኧረ ይህ ነገር አነሰ» ብሎ አቤቱታ አላስገባም። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ተመኑን ስትከልስ ነው ሁላችንም ሕግ አዋቂ የሆንነው። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጁን አጸደቀ። ታክሱ በመሬት መጠቀሚያ መብቱና በሕንፃው ዋጋ ላይ የሚሰላ ሲሆን፣ ምጣኔው ከአንድ በመቶ አያልፍም። ጣሪያ የለኝም ላሉት አዛውንት ሕጉ ራሱ ጣሪያ አበጅቶላቸዋል።

ነገር ግን ዋጋ የሚባለው የቱ ነው? ባንክ ብድር ሲጠየቅ ቤቱ ግንብ ነው። ልጅ ሲዳር የአባት ርስት ነው። ግብር ገማች ሲመጣ ጎጆ ነው። መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ካሳ ገማች ሲመጣ ደግሞ፣ ያችው ጎጆ ግቢዋ በአንድ ሌሊት የባሕር ዛፍ ደን ያበቅላል። የደን ባለሙያዎች ዛፍ ለማብቀል ይህን ያህል ዓመት ለምን እንደሚደክሙ አይገባኝም።

ኮሶዬ ስሟ እንደሚናገረው የኮሶ አገር ናት። ድሮ ጥሬ ሥጋ የወደደ ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶውን በባዶ ሆዱ ይጋት ነበር። ቁርጡን በሳቅ፣ ኮሶውን በእንባ። በዚያ ቀን ደጅ የመጣውን ለመመለስም «ጌቶች ኮሶ ጠጥተዋል» ማለት በቂ ነበር፣ ሳይጠጡም የሚያስብሉ አልጠፉም። ዛሬ ገማቹ ሲያንኳኳ «ባለቤቱ ገጠር ሄዷል» ይባላል። ሥጋውንማ በልተናል፤ በየስብሰባው ኮብልስቶን፣ ቦይ፣ የመንገድ መብራት ስንጠይቅ እጃችን አይወርድም። እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ከተሞች የመምህሩ ደመወዝ ከክልል በሚመጣ ድጎማ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጠጠሩና ቦዩ ግን በአብዛኛው ማዘጋጃው ራሱ ከሚሰበስበው መውጣት አለበት። የመክፈሉ ነገር ሲነሣ አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ አንዳንዱም ስልክ ይመጣበታል።

ማዘጋጃ ቤቶቻችንስ ከማን ያንሳሉ? ለበላይ አካል የድጎማ ጥያቄ ሲጽፉ ከተማዋ ምስኪን ናት፣ መንገድ የላት፣ ውኃ የላት። ለነዋሪው የቦታ ደረጃ ሲያወጡ ደግሞ ያችው ጭቃ ሰፈር «ደረጃ አንድ» ትሆናለች። ስሟን የማልጠራት አንዲት ደጋ ከተማ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ በጀት የለም ሲባል ከርሞ፣ ሰኔ ሲገባ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን በጉም ውስጥ መንገድ ሲቆፈር አይቻለሁ። ዝናቡ ጉድጓዱን ሞላው። በጀቱ ግን ሥራ ላይ ውሏል።

አዲስ አበባማ ሌላ ዓለም ናት። በጀቷ በ2016 ዓ.ም. 140 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፣ በ2017 ከ230 ቢሊዮን አለፈ፣ ለ2018 ደግሞ 350 ቢሊዮን ገደማ ጸደቀ። የሚበዛው ከነዋሪውና ከነጋዴው የሚሰበሰብ ነው። እዚህ ሆነን በራዲዮ ስንሰማው የሌላ አገር ሠርግ ነው የሚመስለን፤ የበላነው የለም፣ የመዋጮው ወረፋ ግን እንደሚደርሰን እናውቃለን።

ግብር መሸሽ በእኛ አልተጀመረም፤ እንግሊዞች ከ1696 እስከ 1851 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በመስኮት ብዛት ግብር ይጥሉ ነበር አሉ። ባለቤቶቹም መስኮታቸውን በጡብ እየደፈኑ ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ። ያ ሕግ ወደ ሰሜን ቢመጣ ሰብሳቢው ባዶ እጁን ነበር የሚመለሰው፤ የእኛን መስኮት ብርዱ ቀድሞ አጥብቦታል።

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። አዛውንቱ ወደ መኪናው ስንመለስ ክንዴን ይዘው፣ «አንተስ ልጄ፣ ቤት አለህ?» አሉኝ።

«ማነው የጠየቀኝ?» ማለት ነበረብኝ፤ ዝም ብዬ «ትንሽ ነገር አለች» አልሁ።

እውነቱን ለመናገር የቤቴ ግምት ሁለት ነው። አንደኛው ለብድር ያሠራሁት፣ ባለ ማኅተም፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ። ሁለተኛው በእጄ ጽፌ ያስገባሁት፣ ካርቦን ቅጂው የደበዘዘ። ባለቤቴ ሁለቱንም ከሣጥኑ ግርጌ ለየብቻ ነው የምታስቀምጣቸው። ማታ ደርሼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ተነሥታ ሣጥኑን ከፈተች።

«የቱን ላውጣ?»

«መጀመሪያ ማን እንደመጣ እይ።»