ዓረፍተ ነገር ሳይጽፉ እንግሊዝኛ የመማር ዘዴ

12 ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የማይችል ተማሪ ማፍራት ቀላል ሥራ አይደለም። ልጅ መሞከር ይወዳል፤ ካልተጠበቀ ሳይታሰብ ሊጽፍ ይችላል። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ግን ለዚህ አደጋ አስተማማኝ መከላከያ አላቸው።

ጊዜ አልተነፈጋቸውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርትነት እንዲሰጥ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል።

የመጀመሪያው እርምጃ ስም ማስሸምደድ ነው። «ፕሬዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒዩስ» ብሎ መጥራት የቻለ ተማሪ ትናንት የት እንደዋለ መጻፍ አይጠበቅበትም። በአማርኛ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ግስ በእንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ እንደሚገባ እያጻፉ ማለማመድም ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሰሌዳው ላይ «ኤስ ሲደመር ቪ ሲደመር ኦ» ተብሎ ይታለፋል። ቀመሩ ሒሳብ ስለሚመስል ጠያቂ የለውም።

ሁለተኛው ማገላበጥ ነው። አበበ በ«አክቲቭ ቮይስ» አንበሳ ይገድላል፤ በ«ፓሲቭ ቮይስ» አንበሳው በአበበ ይገደላል። ያ ምስኪን አውሬ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲሞት፣ አበበ ምን በድሎት እንደገደለው በሦስት መስመር እንዲጽፍ የሚታዘዝ ተማሪ የለም። 60 ተማሪ ከጻፈ 60 ደብተር ማረም ይመጣላ!

ሦስተኛው ፈተና ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ፣ በወረቀት ሲሰጥ እርሳስ የሚያስፈልገው ክብ ለማጥቆር ነው። መልሱ የጠፋበትም አይቸገርም፤ «ሲ» አለችለት። ሰዋስው የሚያውቀውና ዕድል የቀናው አንድ ዓይነት ክብ አጥቁረው ይወጣሉ፤ ከዚህ የበለጠ እኩልነት ከየት ይመጣል?

ዩኒቨርሲቲ የቀረውን ያሟላል። የቡድን ሥራውን አንድ ጎበዝ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስገባሉ። የመመረቂያ ጽሑፉ ካለፈው ዓመት ተመራቂ ይገኛል፤ የከተማው ስም ይቀየራል። የሥራ ማመልከቻውን ደግሞ ኮምፒውተር ቤት ያለችው ጸሐፊ ታዘጋጃለች፤ ባለዲግሪው ይፈርማል።

ይህን የተደላደለ ሥርዓት የሚያናጋው በየሳምንቱ አምስት ዓረፍተ ነገር አስጽፎ፣ አርሞ፣ መልሶ የሚያስጽፍ መምህር ብቻ ነው። ደግነቱ እንዲህ ያለው ሰው ሩቅ አይሄድም፤ ፖርሽን አልጨረሰም ተብሎ ይገመገማል።