ስለ አሣእን ጸዓዳ (ስለ ነጭ ጫማ) ንጽሕናና ስለ ውኃው ዕዳ በአዲ አርቃይ የወጣ አዋጅ

ስማ፥ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ መስሚያ ይንሣው ለጭቃና ለአቧራ!

በእግዚአብሔር ቸርነት የዚህ ግቢ እመቤት፥ የሳፋውና የገንዳው አዛዥ፥ የቢጫ ጀሪካኖች ሁሉ ጠባቂ፥ የሳሙናው ሣጥን በጅሮንድ፥ በምድጃውም በማጀቱም ላይ የሠለጠንን እኛ፤ ከደባርቅ ቁር በታች፥ ከተከዜ ሐሩር በላይ፥ በአዲ አርቃይ ለምትኖሩና በእግራችሁ ነጭ ጫማ ለምታደርጉ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችን፥ እንዲሁም ቅዳሜ ማታ ጫማችሁን ከነጭቃው ከአልጋ ሥር ወርውራችሁ እሑድ ጧት «ማን አጠበልኝ?» እያላችሁ ለምትጮኹ ሁሉ፥ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፥ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፥ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ቆርጦ ባወጣው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ ወርዶ ከእኛ ዘንድ የሚደርስ መንገደኛ፥ በበጋ ቢመጣ ከአቧራው፥ በክረምት ቢመጣ ከጭቃው ድርሻውን ሳይቀበል የሚያልፍበት ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ያልተሠራለት ስለ ሆነ፤

ፈጣሪ ምድርን በዘረጋ ጊዜ ለአገራችን ቀይ አፈርና ጥቁር ዋልካ እንጂ ነጭ እብነ በረድ ያላነጠፈላት ሲሆን፥ የጫማ ሠሪዎች ማኅበር ግን ይህን የፍጥረት ምስጢር ሳይመረምር ከአፉ እስከ ሶሉ ጸዓዳ የሆነውን ጫማ ወደ ገበያችን ስለ ሰደደ፤

ወጣቶቻችን ነጠላውንና ነጩን ልብስ ለጥምቀትና ለመስቀል አጥበውና አጥፈው ማስቀመጥን ከአባቶቻቸው ተምረው ሳለ፥ ነጩን ጫማ ግን ከትምህርት ቤት ወደ ኳስ ሜዳ፥ ከኳስ ሜዳም ወደ ከብት ተራ ያለ አንዳች ርኅራኄ ስለሚያዞሩት፤

ከሁሉም ይልቅ ደግሞ፥ የጫማው ንጣት ክብር በአንዱ እግር ላይ ሲያርፍ፥ የንጣቱ ውኃ ግን በሌላዋ ጀርባ ላይ ተጭኖ ስለሚመጣ፥ ይህም ነገር በፍትሕ ሚዛን ተመዝኖ ጎድሎ ስለ ተገኘ፤

ከዚህ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርእስ።

ይህ አዋጅ «የአሣእን ጸዓዳ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የአዋጁ አውጪ ከቀትር በኋላ ጋደም ባለችበት ክፍል ደጃፍ ግን በምንም ርእስ ቢሆን ሊጠቀስ አይችልም።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ።

«ነጭ ጫማ» ማለት፥ ከሱቅ በወጣበት ቀን ነጭ የነበረና ባለቤቱ አሁንም ነጭ ነው ብሎ የሚምልለት ሸራ፥ ቆዳ ወይም ሰው ሠራሽ ጫማ ነው።

«ንጹሕ» ማለት፥ ከመንገዱ ማዶ የሚያልፉ ኰረዶች ሲያዩት ነጭ የመሰለ ማለት ሳይሆን፥ እናት በእጇ አንሥታ፥ አገላብጣ፥ በሶሉ ጠርዝና በክሩ ቀዳዳ ዙሪያ መርምራ ዝም ያለችለት ነው።

«ውኃ» ማለት፥ ቧንቧው አየር እያፏጨ በሚውልበት ቀን አንድ ሰው ተሰልፎ ቀድቶ፥ በጀርባው አዝሎ ወይም በአህያ ጭኖ ያመጣው፥ በአንዱ ጀሪካን 20 ሊትር የሚሆን፥ ሚዛኑም 20 ኪሎ የሚመዝን የድካም ፍሬ ነው።

«እታለም» ማለት፥ በዚህ ግቢ የምትኖር፥ የራሷ ትምህርትና የራሷ ጫማ ያላት፥ የማንም ጫማ አጣቢ ያልሆነች ሰው ናት።

አንቀጽ 3። ስለ ባለዕዳው።

ነጭ ጫማ ያደረገ ሁሉ ጫማውን ራሱ ያጥባል፤ ያጠበበትንም ውኃ ራሱ ቀድቶ ይተካል። ለአንድ ጥንድ ጫማ የሚፈቀደው ውኃ ግማሽ ጀሪካን ሲሆን፥ ከዚህ የበለጠ የፈለገ ሰው ትርፉን ከወጡ ውኃ፥ ከቡናው ውኃ ወይም ከእንግዳ እግር ውኃ ላይ ሊቀንስ ከቶ አይችልም። «ፈተና አለብኝ»፥ «ኳስ አለኝ»፥ «ደክሞኛል» የሚሉት ሦስቱ ምክንያቶች በዚህ ችሎት ብዙ ዘመን ያገለገሉ ስለ ሆነ፥ ጡረታ ወጥተዋል።

አንቀጽ 4። ስለ አስተጣጠብ ሥርዓት።

ጭቃ እርጥብ ሳለ አይነካም። ቸኩሎ የሚያሸው ሰው በሸራው ላይ የተቀመጠውን ጭቃ ወደ ሸራው ድርና ማግ ውስጥ የሚያስገባ፥ እንግዳውንም ባለቤት የሚያደርግ ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያ ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ መታገሥ፥ ቀጥሎም ሁለቱን ሶሎች ከግቢ ውጭ እርስ በርሳቸው ማጋጨትና በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ይገባል። ከግቢ ውጭ የተባለው፥ በግቢ ውስጥ በርበሬ የተሰጣ እንደ ሆነ ነው፤ ያልተሰጣም እንደ ሆነ ያው ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ይፈታል፥ የውስጡም ንጣፍ ይወጣል፤ ሁለቱም ለብቻቸው ይታጠባሉ። ክሩን ሳይፈታ የሚያጥብ ሰው ከጫማው ምላስ ላይ በክሩ የተሸፈነውን እድፍ አስቀርቶ ለሰው የሚታየውን ብቻ የሚያነጣ ስለ ሆነ፥ ይህ ግብር ከግብዝነት ይቈጠራል።

ውኃው ለብ ያለ ይሁን እንጂ የፈላ አይሁን፤ ሶሉንና ገላውን ያስተሳሰረው ማጣበቂያ ሙቀት ሲበዛበት ይላላልና። ኦሞም ቢሆን ላርጎም ቢሆን በጥቂቱ ተለክቶ አስቀድሞ በውኃው ውስጥ ይሟሟል እንጂ በጫማው ላይ እንደ ጥምቀት ጠበል አይረጭም። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ለስፌቱና ለጠርዙ ተፈቅዷል፤ የሶሉም ጎማ በጥርስ ሳሙና ቢታሽ፥ በሳሙናው ውስጥ ያለው ደቃቅ ፈግፋጊ እድፉን ስለሚያነሣው መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ወደ ጫማ የወረደ ብሩሽ ወደ አፍ መመለስ አይችልም፤ በዚህም ረገድ ምሕረት አይጠየቅም።

የኃጢአት ሁሉ ሥር ያለው በማለቅለቁ ላይ ነው። ሳሙናው በሚገባ ሳይወጣለት የደረቀ ጫማ፥ ማታ ነጭ ሆኖ አድሮ ጧት ቢጫ ሆኖ ይገኛል፤ ባለቤቱም ጫማውን የሸጠለትን ነጋዴ፥ ፀሓዩንና የአዲ አርቃይን አየር ይወቅሳል እንጂ የራሱን ስንፍና አይወቅስም። ስለዚህ እጣቢው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ማለቅለቅ ግዴታ ነው። ግማሽ ጀሪካን አይበቃም የሚል ቢኖር ሳሙናውን ይቀንስ።

አንቀጽ 5። ስለ እንዶድ።

አያቶቻችን ጋቢና ኩታ ሲያነጡበት የኖሩት፥ ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ የሚሰጠው እንዶድ፥ ለሸራ ጫማ ማጠቢያ እንዲሆን ተፈቅዷል። ይሁን እንጂ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ከተከዜ ማዶ በዐድዋ፥ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ ይህ ተክል የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም የገለጡ ሲሆኑ፥ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ስለ ተቀበሉ፥ የእንዶድን ኃይል የሚንቅ ሰው አላዋቂ ነው። ቀንድ አውጣን የገደለ እጣቢ ዓሣንም አይምርምና፥ የእንዶድ እጣቢ ወደ ወንዝ አይደፋም። ጫማውን በእንዶድ ያጠበ ልጅ ግን በዚህ ብቻ ሽልማት አይጠብቅ።

አንቀጽ 6። ስለ በረኪና።

በረኪና በዚህ ግቢ ውስጥ ከሥልጣኑ ተሽሯል። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለው ኃይሉ የጥጥን ክር ለጊዜው የሚያነጣ ቢመስልም፥ እያደር ክሩን ያሳሳል፤ ናይለኑንና በውስጥ ያለውን ስፖንጅ ወደ ቢጫ ይለውጣል፤ ስለዚህም ነጭ ለማድረግ ተጠርቶ መጥቶ ነጩን የሚያጠፋ ሹም ሆኖ ተገኝቷል።

በተለይም በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከዚህ ድብልቅ የሚወጣው ክሎሪን፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1915 እ.ኤ.አ. የጀርመን ሠራዊት በቤልጅግ አገር በኢፕር ግንባር በጠላቶቹ ላይ የለቀቀው መርዘኛ ጋዝ ነው። አውሮጳ ለጦር ሜዳ ያዋለችውን መርዝ ለአንድ ጥንድ ጫማ ሲባል በማጀታችን ውስጥ የሚያጨስ ሰው፥ ቢሳል የሚያዝንለት አይገኝም፤ ሳሙናውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቈለፍበታል።

አንቀጽ 7። ስለ አደራረቅ።

የታጠበ ጫማ በጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይደርቃል። ብርቱ ፀሓይ ጎማውንና ማጣበቂያውን ቢጫ ያደርጋል፤ ምድጃም ሶሉን ያላቅቃል፥ ጫማውንም የጢስ ሽታ ያወርሰዋል። በውስጡ ወረቀት ይጠቀጠቅ፥ ከውጭም በነጭ ሶፍት ይሸፈን። ምክንያቱም ውኃው እየተነነ ሲወጣ የቀረውን ሳሙናና እድፍ ከውስጥ ወደ ገጽ ስቦ ያመጣዋልና፥ ሶፍቱ በላዩ ሲኖር ቢጫው በሶፍቱ ላይ ይቀራል፤ ሶፍቱ ሳይኖር ግን በጫማው ላይ ይቀራል። ለዚሁ ጉዳይ የሚያስፈልገው ሶፍት ከእንግዳ መቀበያው ክፍል አይወሰድም።

አንቀጽ 8። ስለ ቆዳና ስለ ሊስትሮ።

ነጭ የቆዳ ጫማ በሳፋ ውስጥ አይዘፈዘፍም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ወደ ሊስትሮ ይሂድ፤ ሂሳቡንም ከኪሱ ይክፈል። ሊስትሮዎች ከእኛ አዋጅ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ስለ ሆኑ ሥልጣናቸው ተጠብቋል፤ «አንተ፥ ና!» ተብለው አይጠሩም፥ በዋጋቸውም ላይ ጫማው ከታጠበ በኋላ ክርክር አይነሣም።

አንቀጽ 9። ስለ ወንድማማቾች።

ደጃዝማች ውቤ በስሜን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ለራሳቸው ንግሥ እንዳዘጋጇት ይነገራል፤ ነገር ግን በ1847 ዓ.ም. በጦርነት ድል ተነሥተው፥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በአቡነ ሰላማ እጅ ነገሡባት። ይህ ታሪክ በደጃፋችን የተፈጸመ ሆኖ ሳለ፥ ቅዳሜ ማታ ጫማውን አንጽቶ በመስኮት ላይ ትቶ የሚተኛ ልጅ፥ እሑድ ጧት ወንድሙ ተጫምቶት ሲወጣ ቢያይ ሊገረም አይገባውም። ቢሆንም ሕግ የድል አድራጊው ብቻ መሆን ስለሌለበት፥ ወንድምዓለም ያጠበውን ጫማ ያለ ፈቃድ ያደረገ፥ ያንን ጫማ እንደ ነበረ አድርጎ አጥቦ፥ በላዩም አንድ ጀሪካን ውኃ ጨምሮ ይመልሳል።

አንቀጽ 10። ስለ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ።

ሙሴ በሲና ተራራ ጫማውን እንዲያወልቅ እንደ ታዘዘ እናንተም ወደ ቤተ መቅደስ ስትገቡ ታወልቃላችሁ፤ በዚያም ነጩና ጥቁሩ፥ ውዱና ርካሹ፥ ሸራውና በረባሶው በአንድ መሬት ላይ እኩል ይቀመጣሉ። ስለዚህ ጫማው አልነጣም ብሎ ከቅዳሴ የሚቀር ሰው ምክንያቱ ውድቅ ነው፤ ዲያቆኑም ካህኑም ጫማውን አያዩለትምና። ቅዳሴ ሲወጣ ግን ሁሉም ነጭ ስለሚመሳሰል፥ የራሱን አስቀርቶ የተሻለውን «በስሕተት» የሚያደርግ ሰው፥ ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አዲሱ ጫማ የሚያዘነብልበትን ምክንያት ለንስሓ አባቱ ያስረዳል።

አንቀጽ 11። ስለ ቅጣትና ይግባኝ።

የጫማውን ዕጥበት በእታለም ላይ የጣለ ሰው የቤቱን ውኃ ለአንድ ሳምንት ብቻውን ይቀዳል። ቅጣቱ በዛብኝ የሚል ይግባኙን ለአያቱ ለእማሆይ ሊያቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን እማሆይ በልጅነታቸው ሊማሊሞን በባዶ እግራቸው የወጡ ስለ ሆኑ፥ የነጭ ጫማ መከራ ገብቷቸው የሚፈርዱበት ጊዜ እጅግ ጥቂት መሆኑን ይግባኝ ባዩ አስቀድሞ ይወቅ።

አንቀጽ 12። ስለ ተሻሩ ልማዶች።

«እሷ ስታጥብ ይነጣል» የሚለው ምስጋና፥ ምስጋና መስሎ ሥራ የሚጭን ስለ ሆነ ተሽሯል። የእድፍን ስፍራ በጠመኔ መቀባት፥ ለፎቶግራፍ የሚታየውን አንድ እግር ብቻ ማጠብ፥ የሌላ ሰው ሱሪ ጫፍ ላይ ሶል መጥረግም እንደዚሁ ተሽረዋል።

አንቀጽ 13። አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ።

ይህ አዋጅ ነጋሪት ስለሌለን ሳፋው ከተመታበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። አዋጁ ይከብዳል የሚል ቢኖር፥ አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ሲያሸንፍ ስለ ጫማው ንጣት የጠየቀው እንዳልነበረ ያስብ፤ ነጭ ጫማ እንዲያደርግም ከእኛ ዘንድ የተጻፈ ትእዛዝ አልደረሰውም። ንጣትን በፈቃዱ የመረጠ ውኃውንም በፈቃዱ ይቅዳ፤ ይህን የማይወድ ግን ጥቁር ጫማ በገበያ ሞልቷል፥ እኛም አልከለከልንም።