ሳይቋጠር የፈታሁት

ልጅ ሳለሁ እናቴ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ስትሄድ ልቃቂቷን ስጫወትበት ውሉ ጠፋብኝ። ልፈታው ስል ባሰበት። መቀስ አመጣሁና ሁለት ቦታ ቆርጬ አልጋ ሥር ወሸቅኩት። ዛሬ እንጀራዬ ቋጠሮ የሚፈቱ ኤንዛይሞችን ማጥናት ነው፤ ለዚሁ ብዬ ስዊድን ድረስ መጥቻለሁ። ሲቀጥሩኝ ስለ መቀሱ የጠየቀኝ የለም።

በዓል ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከተገኘ የዚያ ሰው ዶሮ ወጥ መቀዝቀዙ ነው። «ዲኤንኤ ሁለት ገመድ ነው ብለው አስተምረውሃል አይደል?» እላለሁ፣ ጉርሻዬን አስቀምጬ። «አራትም ይሆናል!» ከዚያ ማን ያስቆመኛል። ጓኒን የሚባለው ፊደል በበዛበት ቦታ አራት ጓኒኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው አራት ማዕዘን ይሠራሉ። አራት ማዕዘኖቹ ሞሰብ ላይ እንዳለ እንጀራ ይደራረባሉ፤ በመሀላቸው ፖታሲየም ገብቶ ያጠብቃቸዋል። ጂ-ኳድሩፕሌክስ ይባላል። የአራቱን ጓኒኖች አያያዝ ጌለርትና ባልደረቦቹ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ዋትሰንና ክሪክ ስለ ሁለቱ ገመድ ኖቤል የተሸለሙበት ዓመት። (ይህን ስናገር የተበደልኩት እኔ እመስላለሁ።) ቋጠሮው ካልተፈታ ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ማሽን እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ስለዚህ ሄሊኬዝ የሚባሉ ኤንዛይሞች ኤቲፒ የሚባል ነዳጅ እያቃጠሉ ይፈቱታል። ከእነሱ አንዱ የጎደለበት ሰው ቬርነር ሲንድረም ይይዘውና በ20ዎቹ ዕድሜው ይሸብታል። እዚህ ላይ የራሴን ሽበት ዳበስ አደርጋለሁ፤ የኔ ግን የዕድሜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይኼኔ አንድ ሰው ስለ ቤት ኪራይ ያነሳል።

እኔ የያዝኩት ኤንዛይም ዲኤችኤክስ36 ይባላል። እንደ እናቴ ነው፤ ውሉን ሳይዝ አይጀምርም። ከቋጠሮው ጫፍ የተንጠለጠለች ነጠላ ጅራት ያስፈልገዋል፤ እሷን ጨብጦ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የክሪስታል ሥዕሉን በትልቁ አሳትሜ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። እዚያው ሥዕል ሥር ተቀምጬ ጅራት የሌለው ዲኤንኤ አዘዝኩ።

ሦስት ሳምንት ምንም አልተፈታም። መጀመሪያ ውሃውን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ፍሪጁን። በመጨረሻ ኤንዛይሙን ላጣራችው ባልደረባዬ አራት አንቀጽ ጻፍኩላት፦ ምናልባት ስታጣሪው ሞቶብሽ ይሆን? ለኃላፊያችንም ግልባጭ አደረግኩ። መልሷ አንድ መስመር ነበር፦ «ጅራቱ የታለ?» ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁት። ጅራቱ በቀይ ተቀብቷል።

ጅራት ያለው ዲኤንኤ አዘዝኩና እንደገና ጀመርኩ። ዘዴው ቀላል ነው፤ በአንዱ ጫፍ የሚያበራ ቀለም፣ በሌላው ብርሃኑን የሚያጠፋ ነገር ይያያዛል። ገመዱ ሲቋጠር ሁለቱ ተጠጋግተው ይደበዝዛል፤ ሲፈታ ተራርቀው ይበራል። ያን ቀን የብርሃኑ መስመር ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ጣሪያ ላይ ነው። ዘለልኩ፤ በእውነት ዘለልኩ፣ አንድ ስዊድናዊ አየኝ። ለሳምንቱ ስብሰባ «እጅግ ፈጣን!» የሚል ርዕስ ሰጥቼ፣ ለዚሁ ቀን የገዛሁትን ኮት ለብሼ ቀረብኩ።

አንዲት የማስተርስ ተማሪ እጇን አወጣች። «ኤንዛይሙን ከመጨመርህ በፊት ብርሃኑ ስንት ነበር?»

«ያው ነበር» አልኩ በኩራት። «ያን ያህል ፈጣን ነው!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታውን አድናቆት መስሎኝ ትንሽ አጣጣምኩት።

«ጨውህ ምንድን ነው?» አለች ደግሞ።

ሄጄ ጠርሙሱን አየሁ። ሊቲየም። ሊቲየም እንደ ፖታሲየም አራት ማዕዘኖቹን አጥብቆ አይዝም፤ ቋጠሮው እንዳይቋጠር ሲፈለግ ለማነጻጸሪያ የሚቀመጥ ጨው ነው። ስለዚህ የኔ ኤንዛይም የፈታው ነገር አልነበረም፤ ዲኤንኤው ከመጀመሪያውም ተዘርግቶ ተኝቷል። ጠርሙሱ ላይ «ተጠንቀቅ፣ ሊቲየም» የሚል ወረቀት በትልቁ ተለጥፏል። የእጅ ጽሑፉን በደንብ አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው።

ማታ እናቴ ደወለች። «ያ ቋጠሮህ ተፈታልህ ወይ?»

«ፈታሁት እማዬ፤ ግን ሳይቋጠር ነው።» ስለ ጅራቱም፣ ስለ ሦስቱ ሳምንት ሁሉ ነገርኳት።

«ታዲያ ውል ሳትሰጠው ፍታ ትለዋለህ እንዴ?» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ ነበር። «ስማ እንጂ ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ያኔ አልጋ ሥር ያገኘሁት ልቃቂት… ድመቷ ናት አላልከኝም?»

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው አልኳት።