ሰቆጣን በአንድ ትንፋሽ፦ የእንቆቅልሽ ማዕድ ጥናት

እንቆቅልሽ የአእምሮ ማጎልመሻ ነው ሲባል ኖሯል። ስህተት ነው። እንቆቅልሽ የምግብ አቅርቦት ሥርዓት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ማታ፣ እራት ሳይደርስ፣ አንዱ ልጅ «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ አለማወቁን ከወዲሁ ያስመዘግባል። ጥያቄው ሌት ተቀን እየሄደ ስለማይደክመው ነገር ነው እንበል። ተከዜ በዋግ ዳር እየፈሰሰ ልጁ ወንዝ ማለት ያቅተዋል።

«አገር ስጠኝ!»

«ላሊበላን ውሰድ።»

«አልፈልግም።»

«እሺ፣ ሰቆጣን።»

ርክክቡ ያለ ቀበሌ ማኅተም ይፈጸማል። ሰጪው ከተማዋን ከየት አመጣት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አስማቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተረካቢው «ሰቆጣ ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ ይቀመጥና ያካፍላል፦ ነጩ ማር ለእኔ፣ ሰፈፉ ላንተ፤ የአበርገሌው ፍየል ጭኑ ለእኔ፣ ቀንዱ ላንተ፤ ጠላው ለእኔ፣ አተላው ላንተ። (ስለ ጠላው ዕድሜ አይጠየቅም።) ሕጉ ጥብቅ ነው፤ አሸናፊው በጎረሰ ቁጥር ተሸናፊውም ይጎርሳል፣ ከፍየሉ የሚተርፍ ነገር የለም። ቀንዱን አልቀበልም ያለ ተሸናፊ እስካሁን አልተሰማም።

የጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማቾች ተረቶች ውስጥ «ተሰናዳ» ሲሉት ምግብ የሚደረድር ጠረጴዛ አለ፤ ማቆሚያ ቃሉ ሲጠፋ ከተማውን በገንፎ የሚያጥለቀልቅ ማሰሮም አለ። ሁለቱም ዕቃ ይፈልጋሉ፣ ዕቃ ደግሞ ይሰረቃል። ለእኛው አንድ የማያውቅ ሰው ይበቃል፤ እሱም በየቤቱ አይጠፋም።

አገር መስጠት ሕጋዊ ነው ወይ ለሚል፣ ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ቀዳሚ ማስረጃ አለ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑ ከዛጉዌ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር የዛጉዌ ዘሮች ዋግን ይዘው፣ ዋግሹም እየተባሉ ገዙ። እዚያ አገር የተሰጠው ለተሸናፊው ነው፤ በእንቆቅልሽ ሰጪው ራሱ ተሸናፊው ነው። የሕግ ሰዎች ይጨነቁበት።

መንግሥትም በዚችው ከተማ ስም ሌላ ሥርዓት አለው። በ1977ቱ ረኀብ ክፉኛ በተጎዳችው ሰቆጣ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ይፋ ሆነ። ጤናን፣ እርሻን፣ ውኃን፣ ትምህርትን አስተባብሮ በሦስት ምዕራፍ ይሄዳል። እንቆቅልሹ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። በፍጥነት ረገድ ውድድር የለም። በቁመት ረገድ ግን ነጭ ማር የደረሰው ልጅ ቀንድ ከደረሰው ልጅ በልጦ አልታየም።

በመጨረሻ መልሱ ይነገራል፤ ወንዝ ነው። አሸናፊው አንድ ከተማ ሙሉ በልቶ ወደ ምድጃው ይዞርና «እማ፣ እራት አልደረሰም?» ይላል። ተሸናፊው ግን ጥያቄውን ቀድሞ አንሥቶታል፤ ቀንድ የበላ ልጅ መቼም ቶሎ ይርበዋል።