ምን ይሠራል?

መርጡለ ማርያም ውስጥ አዲስ ችግኝ ተክላችሁ የእጃችሁን ጭቃ ሳትታጠቡ ከአጥሩ ማዶ አንድ ራስ ብቅ ይላል። «ደግሞ ይኼ ምን ይሠራል?»

መልስ ያለው ተክል ኑሮው ቀላል ነው። ጌሾ ለጠላ፣ ግራዋ ለጋን ማጠቢያ፣ ወይራ ለማጠኛ፣ ዳማከሴ ለምች ሲባል ያ ራስ ረክቶ ይመለሳል። ጤና አዳም ለቡና ነው፤ ግን ጤና አዳም የተከለ ሰው ለራሱ አልተከለም። ቡና በተፈላ ቁጥር ከየቤቱ ልጅ ይላካል። «እማዬ ትንሽ ጤና አዳም ስጡኝ ብላለች።» ሁሉም የሚለው ትንሽ ነው፤ እሑድ ማታ ቁጥቋጦው እንደ ቆሎ ተማሪ ራስ ተላጭቶ ይገኛል።

ባሕር ዛፍንማ የሚጠይቀው የለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ማገር፣ ወራጅ፣ አጠና፣ የልጅ መዳሪያም ሆነ። ሥሩ የጎረቤትን ጌሾ ውኃ ሲሻማ ግን ሽማግሌ ይጠራል። ባሕር ዛፍን ድንበር ላይ መትከል ክስ መትከል ነው። እኔ ብዳኝ ለጌሾው እፈርዳለሁ።

የቸገረው አበባ ነው። ባለቤቴ በክረምቱ ከደጃችን ጽጌረዳ ተከለች። አደይ አበባ ማንም ሳይተክለው በመስከረም ሜዳውን በሚሞላበት አገር፣ አበባን አጥር አጥሮ፣ ከፍየል ጠብቆ ማሳደግ ለብዙ ሰው ትርፍ ሥራ ነው። አንድ የጥቅምት እሑድ የሠፈራችን የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆም ብለው በመቋሚያቸው ጽጌረዳዋን ጠቆሙ። ወቅቱ ወርኃ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። የኔታም ሌሊቱን እመቤታችንንና ልጇን በአበባ እየመሰሉ ሲዘምሙ ነው ያደሩት።

«ይኼ ነገር ምን ይሠራል?»

«የኔታ፣ እርስዎስ ሌሊቱን ስለ ምን ሲዘምሙ አደሩ?» አለች ባለቤቴ፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና።

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እስቲ ለእኔም ከቅርንጫፉ ቁረጪልኝ» አሉ።

እንዲያውም በዚህች ከተማ አበባ ለክርክር መቅረብ አልነበረበትም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ ጠራቢው ድንጋዩን አበባ አበባ አስመስሎታል። ግድግዳ ለመቆም አበባ አያስፈልገውም፤ እቴጌይቱ ግን አስፈልጓቸዋል። ያ አበባ ውኃ አይሻም፣ ፍየልም አልደፈረውም።

ከሁሉ የገረመኝ የጎረቤቴ አፕል ነው። እሱ ለጥያቄው አስቀድሞ መልስ አዘጋጅቶ ነው የተከለው፦ ይበላል፣ ይሸጣል። ጨንቻ ላይ የብዙ ቤተሰብ ገቢ የሆነ፣ ደጋ የሚወድ ዛፍ ነው፤ የእኛም አገር ደጋ ነው። ችግኙ «አና» የሚባለው ዝርያ ነበር። አበበ። በሚቀጥለው ዓመትም አበበ። ፍሬ የለም። ባለቤቴ በአጥሩ አሻግራ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ያንተም አበባ ሆነ!» አለችው።

የግብርና ባለሙያ ተጠራ። አና ብቻውን ሲሆን እምብዛም አያፈራም፤ ንብ ከሌላ ዝርያ፣ ለምሳሌ ከዶርሴት ጎልደን፣ የአበባ ብናኝ ልታመጣለት ይገባል አለ።

«ታዲያ ሌላ አና ልጨምርበታ!»

«አይሆንም። አናዎች ሁሉ ከአንድ ዛፍ እየተቆረጡ የተባዙ ናቸው። ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው በለው።»

ጎረቤቴ ባርኔጣውን አወለቀ። በእኛ ዘንድ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዛፍም ይቆጥራል ብሎ ግን አልጠበቀም። ከዚያ ወዲህ ስለ አፕሉ ሲያወራ «እሱ» ማለት ትቶ «እሳቸው» ሊል ምንም አልቀረው።

አሁን ሙሽራ ፍለጋ ላይ ነን። መርጡለ ማርያምም ሆነ ቢቸና ወይም ሞጣ፣ ዶርሴት ጎልደን ያላችሁ ካላችሁ አንድ ችግኝ አካፍሉን። የሚተከለው በእኔ ግቢ ነው፤ ንብ አጥር አያግዳትም፣ ጎረቤቴ ደግሞ «እናንተ ግቢ ሥራ ፈት ተክል ስለበዛ አንድ ቢጨመር አይታወቅም» ብሏል። ሽማግሌ መላክ ካስፈለገ የኔታ ለመምጣት ተስማምተዋል።