ተፋሰስ ተሻጋሪዋ ጀሪካን

ባለቤቴ ያዘዘችኝ ቀላል ነገር ነበር። «ስትወጣ ይቺን ጀሪካን ቦኖው ጋ ተራ አስይዛት፤ የቀረውን እኔ አውቃለሁ» አለች። በቃ። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፤ የሰፈራችን ልጆች በየማለዳው ዓይናቸው ሳይገለጥ የሚያደርጉት ነው። ወልቂጤ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ እኛ ጋ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ሰውየው ሥራ ይገባል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ቡና ይጠጣል፤ ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። የኛዋ ቢጫ ናት፤ እጀታዋ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሮባታል፣ ክዳኗ ከጠፋ ዘመን የለውም፣ በክዳን ፋንታ ፌስታል ትጎርሳለች። ወደ ፌስታሉ ሳልወድ በግድ በኋላ እመለሳለሁ።

በውሃችን ስቀልድ ግን ሁሉ ነገር ይቀለድበታል ማለቴ አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የከተማችን ሰው ውሃ ጠማን ብሎ አደባባይ ሲወጣ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እሱን በወግ አላነሳውም።

ወደ ጀሪካኗ። ያን ቀን ጠዋት እኔ የምሄደው ቡታጅራ ነበር፤ የውሃ ፖሊሲና የተፋሰስ አስተዳደር የባለሙያዎች ሥልጠና አለ ተብሎ። የውሃ ባለሙያ ነህ ወይ ብትሉኝ፣ አይደለሁም። የዕቅድ ክፍል ሰው ነኝ፤ ሌላው የሠራውን በመቶኛ የምጽፍ። መሄድ የነበረበት ባልደረባዬ ድንገት ሲታመም ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ፣ እኔም የአበሉን ነገር ስሰማ ለተፋሰስ ድሮም ፍቅር እንደነበረኝ ትዝ አለኝ። ለአማቼ ልጅ ሠርግ ያሰፋሁትን ግራጫ ሱፍ ለብሼ፣ በአንድ እጄ ቦርሳ በሌላው ጀሪካን ይዤ ወደ ቦኖው ሳዘግም፣ የሥልጠናው መኪና ከኋላዬ መጥቶ ጥሩምባውን ለቀቀው። ሾፌሩ አርፍዷል፤ ማርፈዱን ደግሞ በኔ ሊወጣው ቆርጧል። ጀሪካኗን የማቀብለው ልጅ ብፈልግ ልጅ የለም። ሌላ ጊዜ መንገዱን ሞልተውት «ቁም ነገር ግዛልን» የሚሉኝ ልጆች የዚያን ለት የት እንደገቡ እግዜር ይወቅ። ይዣት ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሰው ላፕቶፑን ሲያወጣ እኔ ጀሪካኔን ጠረጴዛ ሥር ደበቅሁ። ባዶ ጀሪካን ግን መደበቅ አይወድም። እግሬን ብዘረጋ ተገለበጠችና፣ አሠልጣኙ ስለ ሞባይል ስልክ ማጥፋት በሚናገርበት ጸጥታ መሐል «ዷ!» አለች። «የማን ነው?» አለ። ዝም አልኩ። ሁሉም ዝም አለ፤ አጠገቤ የተቀመጠው የቸሃ ሰው ግን በአገጩ ወደኔ ጠቆመ። አሠልጣኙ መጥቶ ጀሪካኗን አነሳት፣ አገላብጦ አያት፣ ከዚያም ወስዶ ከሰሌዳው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። እስከ መጨረሻው ቀን እዚያው ሰነበተች። ባለቤቴ ደውላ «ጀሪካኔስ?» ስትለኝ «ሥልጠና ላይ ናት» አልኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ሰውየው ግን ማስተማር ይችልበታል። መጀመሪያ የጠየቀን «ወልቂጤንና ቡታጅራን የሚለያያቸው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ነንና ፈጥነን «ዞን!» አልን፤ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ነገሩ ገና ትኩስ ነበር። «ዝናቡ ይህን አልሰማም» አለና የጉራጌን ተራሮች ሰሌዳው ላይ ሣላቸው። በምሥራቅ ጎን የወረደው ውሃ በመቂ ወንዝ አድርጎ ደንበል ሐይቅ ይገባል፤ ከደንበል በቡልቡላ ወደ አብጃታ ይሄድና እዚያ መውጫ አጥቶ ይቀራል፤ አብጃታም ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነው። በምዕራብ፣ በኛ በኩል የወረደው ደግሞ በዋቤ በኩል ጊቤ ይገባል፣ ኦሞ ይባላል፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የጊቤ 3 ግድብ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ቁመቱ 243 ሜትር፣ ጉልበቱ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ ቱርካና ይገባል። እኔ ይሄን ሁሉ ኖሬበት አላውቅም ነበር። በደጄ ያለፈ ውሃ ታች ወርዶ አገር ሲያበራ፣ እኔ በሻማ ጀሪካን እፈልጋለሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ስለ ጎጃም ሰው ይመስለኝ ነበር።

ቀጥሎ ሕጉ መጣ። የ1991 የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ፣ በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 197፣ ወንዞቻችን በ12 ተፋሰሶች እንዲተዳደሩ ምክር ቤትና ባለሥልጣን የሚያቋቁመው የ1999ኙ አዋጅ 534። የተፋሰስ ባለሥልጣን ቆይቶ ተመልሶ ሚኒስቴሩ ውስጥ ገብቷል፤ መዋቅርም መውጫ የሚያጣበት ጊዜ አለ። የላይና የታች ተጠቃሚን ነገር ሲያስረዳ አሠልጣኙ ፈረንጅ አልጠቀሰም፤ ከላይ የሚጠጣው ጅብ ከታች የምትጠጣዋን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ሲላት፣ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችውን ነው የነገረን። የተፋሰስ ምክር ቤት ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ያኔ ነው።

የአዋጅ 197 አንቀጽ 7 ላይ ስንደርስ ደሜ ሞቀ። ከማንኛውም አገልግሎት በፊት ቅድሚያው ለቤት ፍጆታ ነው ይላል። እጄን አወጣሁና «ታዲያ ባለቤቴ ለምን አትቀድምም?» አልኩ። «ከማን?» አለኝ። አሰብኩት። ከፊቷ የቆመው ጀሪካን ሁሉ የቤት ፍጆታ ነው። ሕጉ ጀሪካኔን ከአበባ እርሻ ያስቀድማታል፤ ቦኖው ጋ ግን አበባ የሚባል የለም፣ እትዬ ጎረቤቴና የእትዬ ጎረቤቴ እኅት ናቸው ያሉት። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

በመጨረሻው ቀን ከቡታጅራ በላይ ወዳለ ቀበሌ ለመስክ ወጣን፤ ጀሪካኔንም ከጠረጴዛው አንስቼ ይዣት ወጣሁ። ገበሬዎቹ ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር አስረውታል፣ ዳገቱን ከብት እንዳይደርስበት ከልለው እርከን ሠርተውበታል፤ አንድ አባት እንደነገሩን ከሥሩ ያለው ምንጭ በበጋ መድረቁን ትቷል። ውሃውን ሳይ ልቤ ቆመ። ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ ተራ የሌለው! እርግጥ ሴቶች ነበሩ፤ ግን «እንግዳ ነው፣ ይቅዳ» ብለው ገለል አሉልኝ። አንዲቱ ቀስ ብላ በጉራጌኛ የሆነ ነገር ስትል የቀሩት በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። እኔ ጉራጌኛ የማልሰማ መስሏቸው ነው። ያለችው «ሰውየው ሱፉን ለብሶ ውሃ ይቀዳል፣ ሚስቱ ምን ለብሳ ይሆን?» ነው።

አሠልጣኙ አየኝና ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ይሄ እኮ ከስምጥ ሸለቆ ተፋሰስ ወደ ኦሞ ጊቤ ተፋሰስ ውሃ ማሻገር ነው። ፈቃድ አለህ?» አለኝ። እኔም የተማርኩትን ቁጭ አደረግሁለት፤ አዋጁ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖን፣ የውሃ ወፍጮን ከፈቃድ ነጻ ሲያደርግ በሁለት እጁ የተሸከመ የወልቂጤ ሰውን ይከለክላል? «ሂድ፣ ግን ወደ ኋላ እንዳይፈስ» አለኝ። ሟርተኛ።

በክርክሩ መሐል መኪናው ሞልቶ ሄደ፤ እኔ ቅጥቅጥ ያዝኩ። ተራራውን ወደ አገና የሚሻገረው፣ ከዚያ በጉብሬ ወልቂጤ የሚገባው። ረዳቱ ውሃ ጣራ ላይ አልጭንም ስላለ ሃያ ሊትሯን በእግሮቼ መሐል አቀፍኳት። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ ፌስታሉ ከአያያዝ ተቀደደ። ዳገቱን ስንጀምር ውሃው መጀመሪያ ሱሪዬ ላይ ወረደ፣ ቀጥሎ ወለሉን ይዞ ወደ ኋላ፣ ወደ መቂ ማለት ነው፣ መንገዱን ጀመረ። ከኋላ ያሉት እግራቸውን እያነሱ «ምንድን ነው? ከየት ነው?» ይባባላሉ። የላይኛው ተፋሰስ ተጠቃሚ ዝም አለ።

ከፊቴ በእናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ የምታየኝ ሕፃን ግን ዝም አላለችም። ግራጫ ሱፍ ሲረጥብ ጥቁር ይሆናል፤ ከወገብ በታች ደግሞ በዚያ ቅርጽ ሲረጥብ ማንም የሚገምተው አንድ ነገር ነው። «እማዬ፣ ሰውዬው ሸና!» አለች። እናቷ አፏን ያዘቻት፤ አፏን መያዟ ነገሩን አጸናው። «ውሃ ነው» አልኩ፤ ማን ይስማኝ። አንድ ሽማግሌ አዘኑልኝ። «የስኳር ነው ልጄ፣ እኔም ይዞኛል፤ ሾፌር፣ አንዴ አቁምለት!» ብለው ጮኹ። ሾፌሩም አቆመ። መኪናው ሙሉ ሰው እየጠበቀኝ ወረድኩ፤ ሳልሠራ እንዳልመለስ አፈርኩና ከቁጥቋጦ ጀርባ ዝም ብዬ ቆሜ ተመለስኩ። ሽማግሌው «አይዞህ፣ ቀለለህ?» አሉኝ። «ቀለለኝ አባቴ» አልኩ።

ጫፉን አለፍን። ቁልቁለቱ ሲጀምር ውሃው አሰበና ዞረ፤ አሁን ወደ ፊት፣ ወደ ዋቤ። ስንት ቀን በሰሌዳ ስማረው የሰነበትኩት ውሃ አካፋይ ወለሉ ላይ ቁጭ አለልኝ። በደስታ ለአጠገቤ ሰው ላሳየው ጣቴን ስዘረጋ፣ ጣቴ የጠቆመው ሞተሩ አጠገብ የቆመ የበርበሬ ጆንያ ላይ ሆነ፤ ውሃው ከሥሩ እየገባ ነው።

«ማረቆዬን!» አሉ የበርበሬው ባለቤት። ቀጥለው ያሉትን ሁሉ አልጽፈውም። «እናቴ፣ ይቅርታ፣ የምንጭ ውሃ ነው፣ ንጹሕ ነው» ብላቸው፣ «ንጹሕ? ሽንትህን ነው ንጹሕ የምትለኝ?» አሉ። ሽማግሌው «ታሞ ነው፣ ተይው» እያሉ ያማልዱኛል፤ ምልጃቸው ዋጋውን ብቻ ነበር የሚያስወድደው። አገና ሳንደርስ ተዋዋልን። አበሌን ቆጥሬ ሰጠሁ፣ የረጠበው በርበሬ የኔ ሆነ።

ማታ ቤት ስገባ በርበሬውን ታቅፌ፣ ባዶዋን ጀሪካን በጣቴ አንጠልጥዬ ነበር። ባለቤቴ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤ ሱሪዬ ላይ ትንሽ ቆየች።

«ውሃውስ?»

«በርበሬው ውስጥ ነው።»

«በል እንግዲህ» አለች፣ «ሲጠማህ ቆንጠር እያደረግህ ቃም።»