ሁለት ፖሊስ በአንድ መኪና፦ የጋብቻ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ እሳትና ጭድ የሆኑ ሁለት ፖሊሶች በአንድ መኪና ተጭነው ወንጀለኛ የሚያሳድዱበትን የፊልም ዘር መመርመር ነው። ዋናው ናሙና ሪቻርድ ዶነር አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1987 ለዕይታ የበቃው «ሊታል ዌፐን» ነው። ናሙናው የተመረጠው በሳይንሳዊ መንገድ፣ ማለትም ቤት ውስጥ ስለተገኘ ነው። ጥናቱ የተካሄደው ሶፋ ላይ ሲሆን እናቴ ሽንኩርት እየላጠች በረዳት ተመራማሪነት ተሳትፋለች።

በመስኩ ቀደም ሲል የነበረው ዕውቀት ከቪዲዮ ቤት የመነጨ ነው። አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን የተማርነው ሕግ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበረው፦ አክተሩ አይሞትም፤ የአክተሩ ጓደኛ ይሞታል። ሕጉ ለብዙ ዘመን ያለ ማሻሻያ ሲሠራ ኖሮ «ሊታል ዌፐን» ሲመጣ ተሰናከለ። ከኋላ «የቱ ነው አክተሩ?» ተብሎ ተጠየቀ። ከፊት «ሁለቱም» የሚል መልስ መጣ፤ ማንም አላመነም። ከፊሉ ጸጉረ ረጅሙ ይሞታል ሲል ከፊሉ ባለ ጺሙን ቀበረ። ሁለቱም ሳይሞቱ ፊልሙ አለቀ፤ የመግቢያ ገንዘባችንን የተበላን ያህል ተሰምቶን ወጣን።

እንቆቅልሹን ከስንት ዓመት በኋላ የፈታችው ረዳት ተመራማሪዋ ናት። ፊልሙ ገና ከመጋመሱ ቀና ብላ አየችና «ይሄ እኮ የእኔና የአባትህ ጭቅጭቅ ነው» አለች። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ግኝት ማብራሪያ ነው።

ሁለቱ ፖሊሶች አልተፈላለጉም፤ ፈቃዳቸውንም የጠየቀ የለም። ያጣመራቸው አለቃቸው ነው፤ በእኛ አነጋገር ሽማግሌው። ዳኒ ግሎቨር የሚጫወተው ሮጀር ሙርቶ 50ኛ ልደቱን ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያከበረ፣ ሚስትና 3 ልጆች ያሉት የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሳጅን ነው። ሜል ጊብሰን የሚጫወተው ማርቲን ሪግስ ደግሞ ሚስቱ በመኪና አደጋ ሞታበት፣ ባሕር ዳር በቆመ ተጎታች ቤት ከውሻው ጋር የሚኖር፣ መኖርና አለመኖር እኩል የሆኑበት ሰው ነው። ትውውቃቸው መመዝገብ አለበት። ሙርቶ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አንድ የማያውቀው ሰው ሽጉጥ ሲያወጣ ያይና «ሽጉጥ!» ብሎ ይወረወርበታል፤ በቅጽበት ራሱን ወለል ላይ ተዘርግቶ ያገኘዋል። የጣለው ሰው አዲሱ ባልደረባው መሆኑ የተነገረው እዚያው ወለሉ ላይ ነው። ድሮ ሙሽራን ሳያዩ ማግባት በእኛም አገር ነበር። የዚህን ያህል ግን አልከፋም።

የጋብቻ ዓይነቶችን መለየት ያስፈልጋል። በ1982 የወጣው የዋልተር ሂል «ፎርቲ ኤይት አወርስ» ጥርት ያለ የደሞዝ ጋብቻ ነው። ኒክ ኖልቲ ኤዲ መርፊን ከእስር ቤት የሚያስወጣው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው፤ ውሉ የጊዜ ገደብ አለው፣ በመሐል 500 ሺህ ዶላርም አለ። በ1998 የወጣው «ራሽ አወር» የሰማንያ ነው፤ ጃኪ ቻን ከሆንግ ኮንግ ሲመጣ ኤፍ.ቢ.አይ. ጉዳዩ ውስጥ እንዳይገባበት ብሎ ለክሪስ ታከር ዳረው። «ሊታል ዌፐን» ግን ቁርባን ነው። በ1987፣ በ1989፣ በ1992 እና በ1998 አራት ፊልም ተሠራ፤ ፍቺ የለም።

ለዚህ ማስረጃው ሁለተኛው ፊልም ላይ አለ። ሙርቶ ሽንት ቤት ቁጭ እንዳለ ከሥሩ ቦምብ እንዳለ ያውቃል፤ ከተነሣ ይፈነዳል። እግሩ ደንዝዟል። ሪግስ ጥሎት እንደመውጣት አብሮት ይቀመጣል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሦስት ሊቆጥሩ ይስማማሉ። ከዚያ ምን ይመጣል? «ሦስት ሲባል ነው የምንዘለው ወይስ ከሦስት በኋላ?» በሚል ይጨቃጨቃሉ። እናቴ እዚህ ላይ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሞት ደጃፍ ላይ ቆሞ በአቆጣጠር የሚከራከሩት ተጋቢዎች ብቻ ናቸው፤ ወንጀለኞቹ በአንድም ፊልም አቆጣጠር ላይ ሲጣሉ አልታየም።

የንብረት ጉዳይ ሊታለፍ አይገባም። በተራ ትዳር ጠብ ሲነሣ የሚሰበረው ሰሐን ነው። እነዚህ በሁለተኛው ፊልም ምሰሶ ላይ የቆመ ቪላ በመኪና ጎትተው ጣሉ። በሦስተኛው ሪግስ የቦምብ ባለሙያዎች እስኪደርሱ መታገሥ አቅቶት የቦምብ ሽቦ ቆረጠ፣ ሕንፃው ተናደ። ሕንፃው የእውነት ነበር፤ ለመፍረስ የተወሰነበት የኦርላንዶ ከተማ የድሮ ማዘጋጃ ቤት።

ወደ መጀመሪያው ፊልም ማብቂያ እንመለስ፤ ሥርዓቱ የሚሟላው እዚያ ነው። የገና ቀን ሪግስ ሙርቶ ደጅ ይመጣና ለታላቋ ልጅ አንድ ጥይት ይሰጣታል፤ ለአባትሽ ስጪልኝ፣ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብሎ። ራሱን ሊያጠፋ ያስቀመጣት ጥይት ናት። አጥኚው ይህችን ጥሎሽ ብሎ መዝግቧታል፤ ከዚህ የከበደ ጥሎሽም አላጋጠመውም። ሙርቶ ግን ጥሎሹን ተቀብሎ በር አይዘጋም፤ ለገና ማዕድ ግባ ይለዋል። ሪግስ ውሻውን አስከትሎ ይገባል። ቤቱ ውስጥ ድመት አለች። የሁለቱ ወገን ዘመድ ሲገናኝ የሚሰማው ጫጫታ ውጭ ድረስ ይሰማል። ቅልቅል ይሉታል።

ሙርቶ ለዚህ ዓይነት ነገር አርጅቻለሁ እያለ ከአንደኛው ፊልም እስከ አራተኛው ያማርራል። በሦስተኛው ጡረታ ሊወጣ ቀናት ቀርተውት ሐሳቡን ሰርዟል። ረዳት ተመራማሪዋ በዚህ ነጥብ ላይ «አባትህም እንደዚሁ ነው፤ ይላል እንጂ አይተውም» የሚል አስተያየት አስመዝግባ ሽንኩርቷን ይዛ ወደ ጓዳ ገብታለች። ዳኒ ግሎቨር የተወለደው በ1946 ነው። አርጅቻለሁ ማለት ሲጀምር ገና 40 ዓመቱ ነበር።